ጅቡ የመጣው በየት በኩል ነበር?

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ይላል ያገራችን ሰው። ያው ያገራችን ሰው ዞር ይልና ደግሞ "እባብ ያየ በልጥ በረየ" ይላል። አንዱ ጠርጥር ይለናል፤ ሌላው ጥርጣሬህ እንዳያሳብድህ ይለናል። እኛም የአዲስ አበባ ሰዎች በነዚህ ሁለት ተረቶች መካከል እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥረን መኖር ከጀመርን ሰነበትን። ታክሲ ውስጥ ወሬው እሱ፣ ልቅሶ ቤት ወሬው እሱ፣ ቡና ሲፈላ ወሬው እሱ! "ጦርነት ሊነሳ ነው አሉ"፣ "ሰርገው ገብተዋል አሉ"፣ "መንገዱ ተዘግቷል አሉ"... "አሉ" የማንልበት ቀን የለም።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ስጋት ልክ ነው ወይ?

ባለሥልጣኖቻችንን ብንጠይቅ መልሱ እንደ አየሩ ጠባይ ነው። ደስ ሲላቸው "አገር ሰላም ነው፤ የጠላት ወሬ አትስሙ" ይሉናል። ሌላ ቀን ደግሞ "አደጋው ደጃችሁ ደርሷል፤ አካባቢያችሁን ጠብቁ" ይሉናል። መቼ መፍራት እንዳለብንና መቼ መፍራት እንደሌለብን የሚወስኑልን እነሱ ናቸው። ፍርሃትም እንደ ስኳርና ዘይት በቀበሌ የሚታደል ሆነ ማለት ነው!

እኔ ነቢይ አይደለሁም፤ በደኅንነት መሥሪያ ቤትም ዘመድ የለኝም። ያለኝ የቆየ ጋዜጣና የቀን መቁጠሪያ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአንባቢ ጋር ሆኜ አንድ ቀላል ሒሳብ መሥራት ፈለግሁ። ባለፉት ሠላሳ ምናምን ዓመታት ይቺን አገር በእርግጥ ያቆሰላት ጥቃት የመጣው በየት በኩል ነበር? በዚያው ሰዓት የመንግሥት የማስጠንቀቂያ ደወል ይጮኽ የነበረውስ ወደ የት ነበር? ሁለቱን ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው ስጋታችን ልክ መሆን አለመሆኑን ታሪኩ ራሱ ይነግረናል።

ከወዳጅ ቤት የመጣ ጥይት

ከሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. እንጀምር። የግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባዔ መጥተው ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማ ሲገቡ ታጣቂዎች መንገድ ላይ ተኩስ ከፈቱባቸው። ሙባረክ ጥይት በማይበሳው መኪናቸው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ተመልሰው ተረፉ። ሁለት የኢትዮጵያ ፖሊሶች ግን ሞቱ። ጥቃት አድራሾቹ የግብፅ አክራሪዎች ሲሆኑ ኢትዮጵያ ጣቷን የቀሰረችው ወደ ሱዳን ነበር። የጸጥታው ምክር ቤትም ተጠርጣሪዎቹን እንድታስረክብ በውሳኔ ቁጥር 1044 ሱዳንን ጠየቀ። ልብ በሉ! ሱዳን ማን ነበረች? በትግሉ ዘመን ለኢሕአዴግ ታጋዮች መጠለያና መተላለፊያ የነበረች ወዳጅ።

ሁለተኛው 1990 ዓ.ም. ነው። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ግን የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች ሬዲዮ ከበው "ሻዕቢያ? ሻዕቢያ ወጋን?" እያሉ ሲገረሙ ትዝ ይለኛል። በሚያዝያ መጨረሻ ባድመ አካባቢ የተለኮሰው ግጭት ግንቦት 4 ቀን በታንክ የታጀበ ወረራ ሆነ። ግንቦት 28 ቀን መቀሌ ውስጥ የዓይደር ትምህርት ቤት ከአየር ተደብድቦ ሕፃናት አለቁ። ከዚያ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ ከሁለቱም ወገን ከ70 ሺ በላይ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ሻዕቢያስ ማን ነበር? የትናንት የትግል ጓድ፣ አንድ ምሽግ የተጋራ፣ "ደማችን አንድ ነው" የተባለለት ወንድም!

ሦስተኛው ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ሰዓረ መኮንን አዲስ አበባ እመኖሪያ ቤታቸው ውስጥ ተገደሉ። በዚያው ምሽት ባሕር ዳር ላይ የአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንንና ባልደረቦቻቸው በስብሰባ ላይ እንዳሉ ተገደሉ። ጄኔራሉን የገደለው የራሳቸው ጠባቂ መሆኑን የነገረን መንግሥት ራሱ ነው። የባሕር ዳሩንም ያቀነባበሩት የክልሉ የጸጥታ ኃላፊ ናቸው ያለን መንግሥት ራሱ ነው።

አራተኛው ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ነው። የሰሜን ዕዝ ተጠቃ። መንግሥት በተናገረው መሠረት ጥቃቱ ከውጪም ከውስጥም ነበር፤ አብሮ የበላ፣ በአንድ ካምፕ ያደረ ወታደር ነው በጓዱ ላይ የዞረው። ከዚያ የተከተለውን እኛ አንነግራችሁም፤ ከየቤታችሁ ልቅሶ የወጣ ነው። የአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪ የነበሩት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ የሟቹ ቁጥር እስከ 600 ሺ ሊደርስ እንደሚችል ተናግረዋል። 600 ሺ ሰው!

አራቱን ደምራችሁ እዩት። ከአራቱ አንዱም ባልተጠበቀ ጠላት የመጣ አይደለም ልበል? የለም፣ ከዚያም የባሰ ነው፤ አራቱም የሥልጣን ሰዎች "ወዳጃችን" ብለው ባመኑት በኩል የመጡ ናቸው። አንዱ ካስጠጋቸው፣ አንዱ አብሯቸው ከታገለ፣ አንዱ ከሚጠብቃቸው፣ አንዱ አብሯቸው ከገዛ። የመሣሪያና የሥልጣን ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲጣሉ ነው አገር የተቃጠለችው።

ደወሉ ይጮኽ የነበረው ወደ የት ነው?

አሁን ሒሳቡን ከሌላው ወገን እንሥራው። ሻዕቢያ ባድመ ሲገባ እነማን ነበሩ በ"አገር ጸጥታ" ስም እሥር ቤት የነበሩት? አንዱ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ነበሩ። ያ ስመ ጥር የቀዶ ሕክምና መምህር ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ታስረው፣ ጤናቸው ካለቀ በኋላ በ1991 ዓ.ም. ለሕክምና ተለቀው፣ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ አሜሪካ ውስጥ አረፉ። ሌላው የመምህራን ማኅበር ፕሬዚዳንት ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት ነበሩ። የግል ጋዜጣ አዘጋጆችማ ተቆጥረው አያልቁም፤ በነዚያ ዓመታት ኢትዮጵያ ጋዜጠኛ በማሰር በአፍሪካ ከቀዳሚዎቹ ተርታ ነበረች። ታንኩ ከሰሜን እየመጣ ደወሉ የሚጮኸው በሐኪምና በመምህር፣ በብዕርና በወረቀት ላይ ነበር!

ይህ በኢሕአዴግ አልተጀመረም። በ1969 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴንን ሲወር አደጋው እውነተኛ ነበር። ሕዝቡም አልተሳሳተም፤ ሚሊሺያው ከየገጠሩ ተጠራርቶ ወጣ፣ በየካቲት 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተመለሰች። በዚያው ወራት ግን አዲስ አበባ ውስጥ ምን ይደረግ ነበር? ቀይ ሽብር! "ሥርጎ ገብ"፣ "አናርኪስት"፣ "ቅጥረኛ" እየተባለ ወጣት በየመንገዱ ይረሸን ነበር። የኦጋዴኑ ጠላት እውነተኛ መሆኑ ለቀበሌው ገዳይ ሽፋን ሆነለት። እናት ልጇን እንኳ ማልቀስ ያልቻለችው "አገር ተወራለች" በተባለበት ሰዓት ነው።

ከዚያ ወዲህ ስሙ እየተለዋወጠ መጣ እንጂ ልብሱ አንድ ነው። "ፀረ ሕዝብ" ሄደ፣ "ፀረ ሰላም" መጣ። "ፀረ ሰላም" ሄደ፣ "አሸባሪ" መጣ። አሁን ደግሞ "ጽንፈኛ" ላይ ደርሰናል።

የፀረ ሽብር አዋጁን ቁጥር 652/2001 አስታውሱት። በዚያ አዋጅ ጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ 18 ዓመት፣ ጋዜጠኛ ውብሸት ታዬ 14 ዓመት፣ ፖለቲከኛው አንዱዓለም አራጌ ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። በየካቲት 2010 ዓ.ም. ሁሉም ተፈቱ። ጥቂት ቆይቶ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ፓርላማ ቆመው ሰውን ጨለማ ቤት ማሰርና ማሰቃየት ራሱ የመንግሥት የሽብር ሥራ እንደነበር ተናገሩ። እንዴ! ታዲያ ያ ሁሉ ዓመት "ሽብርተኛ" እየተባለ ስናስፈራራበት የነበረው ሰው ማን ነበር?

የባሰውም አለ። በ2003 ዓ.ም. ፓርላማው ኦነግን፣ ኦብነግንና ግንቦት 7ን ከአልቃይዳና ከአልሸባብ ጋር በአንድ መዝገብ ላይ አሰፈራቸው። በ2010 ዓ.ም. ሦስቱ ተሰረዙ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ያን መዝገብ ሲያዘጋጅ ዋናው እጅ የነበረው ሕወሓት ራሱ ተመዘገበ። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. እሱም ተሰረዘ። መዝገቡ እንደ ሆቴል መዝገብ ሆነ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። የትናንቱ ከሳሽ የዛሬ ተከሳሽ፣ የትናንቱ "አሸባሪ" የዛሬ ተደራዳሪ! ገበሬው ግን በየትኛውም ጊዜ ሟች ነው።

ስጋቱ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም

አንዳንድ አንባቢ "እንግዲህ አንተ አደጋ የሚባል ነገር የለም ልትለን ነው" ይል ይሆናል። አልልም። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ቦሌ አካባቢ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች የያዙት ፈንጂ በራሳቸው ላይ ፈንድቶ ሞቱ። ዓላማቸው የዚያን ዕለት ኢትዮጵያና ናይጄሪያ ለዓለም ዋንጫ ሲጋጠሙ ኳስ ሊያይ በወጣው ሕዝብ መካከል ማፈንዳት ነበር ተብሏል። ይህ የሆነው ናይሮቢ ዌስትጌት የገበያ ማዕከል ላይ ጥቃት ከደረሰ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የአልሸባብ ታጣቂዎች ድንበር ጥሰው ሶማሌ ክልል ገብተው ነበር። ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ላይ የተወረወረው ቦምብ ሰው ገድሏል፤ ከመቶ በላይ አቁስሏል። እነዚህን የሚከታተል ባለሙያ ያስፈልጋል። ሌሊት ድንበር ላይ ነቅቶ ለሚያድረው ወታደርም ምስጋና እንጂ ሌላ የለኝም።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሆነውም እንዲሁ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ተይዘው፣ ጦርነቱ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲጠጋ የአዲስ አበባ ሰው መፍራቱ ልክ ነበር። ያን ጊዜ ያልፈራ ሰው ጀግና ሳይሆን ጋዜጣ የማያነብ ነው። ችግሩ ፍርሃቱ አይደለም፤ ፍርሃቱ የተመራበት አቅጣጫ ነው። ጥቅምት 23 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በየሰፈሩ ዱላ የያዘ ወጣት ቆሞ መታወቂያ ማየት፣ ቤት መፈተሽ ተጀመረ። ሰው በስሙ፣ በአነጋገሩ፣ በትውልዱ ተለቅሞ ታሰረ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ እሥሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል፣ ከታሰሩትም ውስጥ አረጋውያንና ሕፃናት የያዙ እናቶች እንዳሉበት በይፋ ገልጿል።

እኔ በምኖርበት ሰፈር አንዲት የሱቅ ባለቤት ነበሩ። ሰው ሁሉ "እማማ" ነው የሚላቸው፤ የሰፈሩን ሕፃን በዱቤ ከረሜላ ያሳደጉ ናቸው። በዚያ ወራት ሰዎች መጥተው ወሰዷቸው። ሱቁ ተዘጋ። ሰፈሩ ውስጥ ያለነው ሁላችንም አየን፤ ማንም ምንም አላለም። ሲመለሱ ክስ የለ፣ ይቅርታ የለ፣ "ተሳስተን ነው" የሚል ወረቀት የለ። ሱቃቸውን መልሰው ከፈቱ፤ ግን ያ የዱቤ ደብተር ከዚያ ወዲህ የለም። "ማንን አምኜ ላበድር ልጄ?" አሉኝ። እኚህ ሴትዮ ቤታቸው በመታሰራቸው ሸዋ ሮቢት ላይ ያለው ጦር አንዲት እርምጃ ወደ ኋላ ብሏል? አላለም። ደርሶ የተጎዳው የሰፈራችን መተማመን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጉዳት ደግሞ በየትኛውም የደኅንነት ሪፖርት ውስጥ አይገባም።

አንድ ነገር ልጨምር። አዋጁ የታወጀው ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ልክ በዓመቱ፣ በዚያው ቀን! ባለሥልጣናቱ ተጨባበጡ፣ ፎቶ ተነሱ። የሰፈር ሰውን ግን ከሰፈር ሰው ጋር ያስታረቀ ፊርማ አላየሁም።

የሚያዩትን አደጋ ማን ይጥራው?

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። እኛ በዓይናችን ስለማናየው አደጋ መግለጫ ይዘንብልናል። በዓይናችን ስለምናየው አደጋ ግን ዝም ዝም ነው። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወጥተው ወደ ቤተሰቦቻቸው ይጓዙ የነበሩ ተማሪዎች ታገቱ። በጥር ወር 21 ሰዎች ተለቀዋል ተብሎ ተነገረ። ወላጆች ግን "ልጆቻችንን አላየንም" አሉ። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የሚመለሱ ተማሪዎችን የጫኑ አውቶቡሶች ቆመው መንገደኞች በብዛት ተወሰዱ፤ ለቤተሰብም በስልክ የገንዘብ ጥያቄ መጣ። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚወስደውን መንገድ አስቡት፤ ሰው አባቱን ለመቅበር እንኳ በአውቶቡስ መሄድ ፈርቶ፣ ለአውሮፕላን ቲኬት ተበድሮ የሚሄድበት ጊዜ ላይ የደረስነው ለዚህ ነው።

አሁን ይህ ስጋት ልክ ነው ወይስ አይደለም? ነው! ከሁሉም የበለጠ ልክ የሆነው ስጋት ይሄ ነው። ግን "አካባቢያችሁን ጠብቁ" የሚለው መግለጫ ስለዚህ ሲሆን ይጠፋል። እናት ጫማዋን አውልቃ በየቢሮው ደጅ ስትጠና "ጉዳዩን እየተከታተልን ነው" ትባላለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ተረት እኮ ውሻው ዘግይቶም ቢሆን ጮኋል። የኛው ዝም ብሎ ያድራል፤ ጠዋት ደግሞ ተነስቶ በባለቤቱ ላይ ይጮኻል!

ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ስለ ቀይ ባሕር ብዙ ተብሏል፤ በከተማውም "ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሊነሳ ነው" የሚለው ወሬ አንዴ እየጋመ አንዴ እየበረደ አለ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ዛላምበሳ ላይ ድንበር ተከፍቶ ሰው ሲተቃቀፍ ያየን ሰዎች ነን። ጥቂት ወራት ሳይሞላው ድንበሩ ተመልሶ ሲዘጋ ለምን እንደተዘጋ የነገረን የለም። ወዳጅነቱ የሁለት መሪዎች ነበር። ከላይ የቆጠርናቸው አራቱ ጥቃቶችም የተወለዱት እንዲህ ባለ፣ ሕዝብ በማያውቀው ፍቅርና ሕዝብ በማያውቀው ጠብ መካከል ነው። ስለዚህ የሚያስፈራኝ የዛላምበሳው ገበሬ አይደለም። የሚያስፈራኝ ዝግ በር ነው።

ስለዚህ ምን እንበል?

የኔ መልስ አጭር ነው። ስጋታችን ልክ ነው፤ አቅጣጫው ነው የተጣመመው። ወደ ጎን እንድንፈራ ተደርገናል፤ ታሪካችን ግን ወደ ላይ እንድንመለከት ነው የሚያስተምረን። ፈንጂና ታንክ ያለው ማን ነው? ማኪያቶ የምታፈላው ልጅ ናት? ከክፍለ ሀገር የመጣው የቀን ሠራተኛ ነው? በሌላ ቋንቋ ስልክ የሚያወራው የታክሲ ተሳፋሪ ነው?

ከእንግዲህ አንድ የጸጥታ መግለጫ በሬዲዮ ሲነበብ እኔ ሦስት ነገር ልጠይቅ ወስኛለሁ፤ አንባቢም ቢጠይቅ ደስ ይለኛል። አንደኛ፣ አደጋው ስም አለው ወይ? "አንዳንድ ኃይሎች" ማለት ስም አይደለም። ሁለተኛ፣ መቼ ያበቃል? ማብቂያ የሌለው ጥንቃቄ ጥንቃቄ ሳይሆን አገዛዝ ነው። ሦስተኛ፣ የተያዙት ሰዎች የት ደረሱ? ይህን ሦስተኛውን እኔ አልፈጠርኩትም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅን የሚደነግገው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መርማሪ ቦርዱ በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ሰዎች ስም በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ይፋ እንዲያደርግ፣ የታሰሩበትንም ምክንያት እንዲገልጽ ያዛል። አንባቢ ሆይ! በ2014 ዓ.ም. ከሰፈርዎ የተወሰዱት ሰዎች ስም ከነምክንያቱ ወጥቶ አይተዋል? የእማማስ ስም የት አለ?

እኛ የብዕር ሰዎችም ከወቀሳ አናመልጥም። ፍርሃት ጋዜጣ ይሸጣል። "ጉድ ፈላ!" የሚል ርዕስ የተጻፈበት ወረቀት ከሌላው ቀድሞ ያልቃል። ድሮ በወረቀት ነበር፤ አሁን በፌስቡክና በቲክቶክ ሆኖ በደቂቃ ውስጥ ከተማውን ያዳርሳል። ያልተጣራ ወሬ ይዞ ሰፈርን በሰፈር ላይ ማነሳሳት ግን ጋዜጠኝነት አይደለም፤ ያው የመንግሥቱን ደወል ተቀብሎ ማጮህ ነው።

ሕዝቡም ቢሆን "አሉ"ን መቀነስ ይችላል። "ማን አለ? መቼ አለ? አይተሃል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም። ዱላ ይዞ በር ላይ የቆመው ወጣትም ነገ ጠዋት ዳቦ የሚገዛው ትናንት ማታ በር አንኳኩቶ ካስደነገጣቸው ሴትዮ መሆኑን ቢያስብ መልካም ነው።

መጠርጠር አይከፋም፤ ያልጠረጠረ በእርግጥም ተመንጥሯል። በባድመም ተመንጥሯል፣ በሰሜን ዕዝም ተመንጥሯል። ግን ልጡን ትተን እባቡን እንይ። ልብ ያለው ልብ ይበል!

ቸር ወሬ ያሰማን።